ለአንድ ይቅርታ አምስት ቅዳሜ

ቆቦ ላይ ባጃጅ ገና እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን፣ ከጎጃም ተመድቤ ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሚስት ያላገባሁ፣ በዚያ ሁሉ የቆላ ሙቀት ኮቴን የማላወልቅ፣ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ሰው ነበርኩ። ይህ ሳያንስ የሦስት ቀን ሥልጠና ጨመሩልኝ። ሥልጠናው ወጣት ታራሚዎች ሲፈቱ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲቀላቀሉ ስለ ማዘጋጀት ነበር። ከዚያ ሰማያዊ ቦርሳ፣ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀትና አንድ እምነት ይዤ ተመለስኩ። እምነቱም ሰው ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይን ዓይን እያየ ከተናገረ የማይከፈትለት በር የለም የሚል ነው። ከሦስቱ ዕድሜ የነበረው ቦርሳው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ማረሚያ ቤት እሄዳለሁ። ተማሪዎቼ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ከሃያ ዓመት ያላለፉ። የምንማረው ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታው የደረሰ አንድ ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ይጠብቀናል። ይጠብቀናል ልበል እንጂ ከሁሉ ይልቅ ትምህርቱን የሚከታተለው እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት «የቀጣሪ ቢሮ አገባብ» ነበር። በሩን አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ቀና ብሎ መግባት። በሉ ማን ይሞክር ብል አንድም እጅ አልወጣም። ለካ እስረኛ በር አይነካም፤ በር የሃምሳ አለቃው ነው። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሃምሳ አለቃው ራሱ ወጣና አንኳኳ፣ ገባ፣ ጨበጠኝ። ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ የሞላ ነበር። በዚያን ቀን ሥራ ብሰጥ ኖሮ የማገኘው ብቸኛ አመልካች እሱ ነበር።

እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም። አንገቱን የደፋ ሁሉ ፊት እየቆምኩ አገጩን በጣቴ ከፍ አደርጋለሁ። «ቀና በል» የምትለዋን ቃል ከስሜ ይልቅ ያውቋት ነበር።

ከሰባቱ ውስጥ አንድ ዝምተኛ፣ ቀጭን ልጅ ነበር። የመጣው በውሃ ጸብ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ የሚዘንበው ተራራው ላይ ነው፤ ገበሬው ታች ቆላው ላይ ሆኖ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ፣ ተራ እየጠበቀ ማሳው ላይ ይለቀዋል። ጎርፍ ደግሞ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ካለፈ አለፈ። አንድ ቀን የጎረቤቱ ልጅ፣ እኩያው ነው፣ ያለ ተራው ቦዩን ከፈተ። የእኔው ደግሞ በያዘው ዱላ መታው። የጎረቤቱ ልጅ ግራ ክንድ ተሰበረ፤ ወጌሻ ቢያሸውም እንደታጠፈ ቀረ። ማሽላው ግን የሁለቱም ማሳ ላይ አማረ አሉ።

አሁን ልጁ በአመክሮ ሊፈታ ሳምንታት ቀርተውታል። ችግሩ መፈታቱ ነው። እቤቱ የሚያስገባው መንገድ በእነዚያ ሰዎች ማሳ መሃል ያልፋል። ሳይታረቅ ከሄደ ወይ ይመቱታል ወይ እሱ እንደገና ይመታል። ካልሄደ ደግሞ ያለው አንድ ምርጫ ነው፤ በአፋር በረሃ በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር። አባት የለውም። ለእናቱ ከእሱ ሌላ የለም። እሷ በየገበያው ቀን ስንቅ ይዛለት ትመጣለች፤ አንድ ቀን በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ልጄ፣ እኔስ እስር ቤቱን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። «እዚህ እያለ በሳምንት አንድ ቀን አየዋለሁ። ከባሕር ማዶ ያለን ልጅ ማን ያሳየኛል?»

አብሽሪ አልኳት። አብሽሪ የሚለውን ያገሩን «አይዞሽ» ከተማርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ አፌ ላይ ስለጣፈጠኝ በሆነው ባልሆነው እለው ነበር። ያን ቀን ግን ቃል የገባሁ መሰለኝ።

ሽማግሌዎች ሁለቴ ተልከው፣ ሁለቴ ተመልሰው፣ በሦስተኛው የተበዳይ አባት ልጁ በተፈታ ማግስት ጎብዬ ከተማ አጠገብ ለዕርቅ ለመቀመጥ እሺ አሉ። እኔም ለልጁ ንግግር ጻፍኩለት። እስካሁን በቃሌ አለኝ። «በወቅቱ በነበረብኝ የስሜታዊነት ችግር ምክንያት በቤተሰብዎ ላይ ለደረሰው አካላዊ ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። ጽፌ ስጨርስ ራሴን አደነቅሁ።

ለልምምዱ አንድ ሽማግሌ አስፈለገን። ከዋጃ በኩል የመጣ፣ በሦስት ግመል ስርቆት የተፈረደበት ተማሪ ነበረኝ፤ አያቱ በአገሩ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። እኔ አባትየውን ሁን አልኩት። ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁለቴ ስሎ ሲቀመጥ የሃያ ዓመቱ ልጅ ጠፍቶ የሰባ ዓመት ሰው መጣ። ልጁ ቀረበና ንግግሩን አነበነበ። የግመሉ ሌባ ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ ሆዱ ገና እንዳልቀዘቀዘለት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንድንመለስ ነገረን።

ይህ ትምህርት ነው፣ ለዕርቅ የተመደበው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው ብዬ ብቆጣ፣ በአንድ ቀን የታረቀ ሰው በር ሲደርስ ይጣላል አለኝ፤ ተግሣጹ በጣም በትሕትና ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልታረቀም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሃምሳ አለቃው ወንበሩን አንስቶ መጣና የተበዳይ አጎት ነኝ አለ። አጎትየው ከአባትየው የባሰ ሆነ። የእኛ ዘር እንኳን በክንድ በጥርስም ታርቆ አያውቅም ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሥራው በሩ ላይ ስለሆነ ሩቅ አልሄደም።

በአራተኛው ቅዳሜ የግመሉ ሌባ ጋቢውን ከራሱ አውርዶ፣ ራሱን ሆኖ አናገረኝ።

«ጋሼ፣ እኛ አገር ዓይን የሚያየው የተበደለው ነው። የበደለ መሬት ያያል። ይህን ልጅ እንዲህ አድርገው ከላኩት ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ ነው የሚሉት።»

ከዚያ ሥርዓቱን አስረዳኝ። የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቆማል። «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ከማለት ሌላ አይናገርም፤ የቀረውን ሽማግሌዎች ይጨርሱታል። ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው አይረዳውም፤ በዳዩም ራሱ አይጥለውም።

በአንድ በኩል ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት፣ በሌላ በኩል የግመል ሌባ። የቱን እንደመረጥኩ መናገር አያስፈልግም። ድንጋዩን ይሸከም፣ ልማዳችሁን አከብራለሁ፤ ንግግሩ ግን አይቀርም አልኩ። ልጁ ሁለታችንንም አየና ለሁለታችንም «እሺ» አለ። በአምስተኛው ቅዳሜ የግመሉ ሌባ በስንት ልመና ታረቀ፤ ሃምሳ አለቃው ግን ቅሬታውን እንደያዘ ቀረ።

ቀኑ ደረሰ። በሚኒባስ ጎብዬ ወርደን፣ በማሽላው መሃል ጥቂት ሄድንና አንድ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ደረስን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ቄሱም ሼኩም ጎን ለጎን አሉ። የተበዳይ አባት ቀጭን፣ ደረቅ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ግራ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ አጠገባቸው ተቀምጧል። እናትየዋ ራቅ ብላ ቆማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

ከእኛ ወገን የመጣ ሽማግሌ ከመጅ የሚተልቅ ድንጋይ መርጦ ልጁ ማጅራት ላይ አስቀመጠ። ልጁ በሁለት እጁ ደግፎ አጎነበሰ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ፤ አባትየው ሰሙ፤ ፊታቸውም ላላ ያለ መሰለኝ። ነገሩ ሊያልቅ ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልጁ በጎን ሲያየኝ ዓይናችን ተገጣጠመ፤ እኔም በአገጬ ምልክት ሰጠሁት። ቀና በል።

ታዛዥ ተማሪ ነበርና ቀና አለ። ሁለት እጁን አውርዶ ወገቡን ቀጥ አደረገ፤ የአባትየውን ዓይን እያየ «በወቅቱ በነበረብኝ የስሜታዊነት ችግር» ብሎ ጀመረ። ቀና ያለ ሰው ማጅራት ላይ ድንጋይ እንደማይቀመጥ የሦስት ቀኑ ሥልጠና አልነገረኝም። ድንጋዩ በጀርባው ተንከባሎ ሼኩ እግር ሥር ወደቀ።

የተበዳይ አባት ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ራሱ ጣለው» አሉ። «ራሱን ማረ። እንግዲህ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?»

እናትየዋ አጠገቤ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እሷን ሳይ ኮቴም ወረቀቴም ከላዬ የተገፈፉ መሰለኝ። እንዴት መሃል እንደገባሁ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀና በል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ንግግሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ ተንተባተብኩ። አባትየው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። መምህር ነኝ አልኩ። ዕርቅ ነው የምታስተምረው ሲሉኝ አዎ አልኩ።

«አንተስ ታርቀህ ታውቃለህ?»

እኔና ታላቅ ወንድሜ ከተኳረፍን አራት ዓመታችን ነበር። አላውቅም አልኩ።

አባትየው ተመልሰው ተቀመጡ። አጠፋሁ ያለ ሰው ባዶ አንገቱን አይቆምም ሲሉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ ለእኔም ድንጋይ ፈልጎ አመጣ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ፤ ኮቴን እንደለበስኩ ተጫንኩ። የልጁም ድንጋይ ተመልሶ ተጫነ። ጎን ለጎን አጎንብሰን ቆምን። የሚታየኝ የጫማዬ አፍንጫና ጉንዳን ብቻ ነው። እዚያ ሆኖ ንግግር ማሰብ አይቻልም፤ ጭንቅላት ውስጥ የሚተርፈው ሁለት ቃል ነው። ልጁ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» አለ። እኔም አልኩ። ድምፁ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም።

ብዙ ቆየን። ከዚያ አፈር ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የተበደለው ልጅ ተነስቶ መጥቷል። ከጎኔ ሆኖ እጆቹን ወደ ልጁ ድንጋይ ሲዘረጋ በዓይኔ ጥግ አየሁ፤ ቀኙ ድንጋዩን ጨበጠ፣ ግራው ግን አልደረሰም። የታጠፈው ክንድ ከዚያ በላይ አይዘረጋም። ደግሞ ሞከረ። በአንድ እጅ የሚነሳ ድንጋይ አልነበረም። ሊረዳው የተነሳ የለም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። የእኔው ልጅ የሚሆነው የገባው ይመስለኛል፤ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። አልበቃም። ግንባሩ አፈር እስኪነካ ዝቅ አለ። ያኔ የተበደለው ልጅ በቀኝ እጁ ገፋ አደረገው፣ ድንጋዩም ተንከባሎ መሬት ወደቀ። በአምስቱ ቅዳሜ ይህን የተለማመደ አልነበረም።

ከዚያ ቄሱም ሼኩም መረቁ፤ አሜንም አሚንም ተባለ፤ ሰው ሁሉ ይሳሳም ጀመር። እኔን ያስታወሰኝ አልነበረም። ዝም ብዬ እንዳልጥለው ራሱን ማረ እባላለሁ፤ ልጥራቸው ብል በዳይ አይናገርም። ላቤ በአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ስቆይ ሼኩ አዩኝና ይህን እንግዳ ረሳነው አሉ። ልገላገል ነው ስል፣ የተበዳይ አባት ማንን በድሎ ነው የተሸከመው፣ ማንስ ያውርድለት ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡና ነገሩን በቁም ነገር ያዩት ጀመር። አንዱ መንግሥትን ነው አለ። ሌላው ለሌላ ቀጠሮ ቢቆይ ምን ይመስላችኋል አለ።

«እኔን ነው የበደለኝ» አለ ልጁ።

ግንባሩ አፈር እንደለበሰ መጥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳልኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ቀና ይበሉ።»

ቶሎ ቀና አላልኩም። እንባዬን በኮቴ እጅጌ እስክጠርግ ጉንዳኖቹን እያየሁ ቆየሁ። ቀና ስል ልጁ አጠገቤ የለም። በእነዚያ ሰዎች ማሳ መሃል፣ በማሽላው ውስጥ በምታልፈው መንገድ፣ እናቱ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር።