ከአልሐምዱሊላህ በኋላ

በነርስነት ሥራ የጀመርኩት ደሴ ውስጥ፣ በአንድ የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍል ነው። ወሩ ረመዷን ነበር። ነጭ ጋዋኔን ተኩሼ፣ ከሆጤ ሰፈር በእግሬ መጥቼ፣ ከታካሚዎቹ ቀድሜ ደረስኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ የተባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ጤና መኮንን ነበሩ። መዝገቡን ሰጡኝና «ክኒን ቁጠሪ፣ ክብደት መዝኚ፣ ድድና ቆዳ እዪ፣ አካሄዳቸውን ተመልከቺ፤ የመድኃኒቱ ጉዳት እዚያ ላይ ይታያል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው አፉን ከፍቶ ከመታየቱ በፊት ሰላም ይባል እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ። ሰላምታውን አስረዘምኩና ድዱንም አካሄዱንም ተውኩት።

ረፋድ ላይ ዘሃራ ገባች። ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የተሸመነ ጨርቅ እየመረመረች፣ ጉድለት ያለበት ላይ በጠመኔ ምልክት የምታደርግ ሠራተኛ ናት። ጠዋትና ማታ ካርባማዜፒን የተባለውን የሚጥል በሽታ ክኒን ትወስዳለች። ጤናዋን፣ ቤተሰቧን፣ ጾሙን ጠየቅኳት። ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አለች። ክኒኗን ቆጠርኩ፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። «ምንም ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩ፣ የወር መድኃኒቷን ሰጥቼ ሸኘኋት። በራሴ ኮራሁ።

ጋሽ እንድሪስ በመስኮት ያዩ ነበር። ዘሃራ ግቢውን የምትሻገረው የግንቡን አጥር እየተደገፈች ነው።

«ልጄ፣ እስኪ ተመለሽ!» ብለው ተጣሩ። ስትመለስ ሦስት ጣታቸውን አነሱ። «ስንት ነው?»

«የትኞቹን ልቁጠር?» አለች። «የእርስዎን ነው ወይስ አብረዋቸው የመጡትን?»

ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ዘሃራ ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ በሽታዋን አያውቁም። ማታ አብረው ስለሚያፈጥሩ ክኒን ስትውጥ እንዳያዩዋት ትፈራለች። ስለዚህ ከንጋት በፊት ለሚበላው ስሁር ቀድማቸው ትነሳና የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ ትውጣለች። ቆጠራዬ ልክ የመጣው ለዚህ ነበር። ከዚያ መድኃኒቱ በአንዴ ይበዛባትና ሥራ ቦታ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ይሆንባታል፤ ለአንዱ ጉድለት ሁለት ምልክት ታደርጋለች።

«አለቃዬ የሌለ ጉድለት እያየሽ ደህና ጨርቅ ታስጥያለሽ፣ አንዴ ከደገምሽ ትሰናበቻለሽ ብሎኛል» አለች። «እንጀራዬ ነው። ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ ልተወው ወስኜ ነበር።»

መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ይመለሳል፤ ሰውም ሊሞት ይችላል። የሰጠኋት የወር መድኃኒት ሳይነካ ሊቀመጥ ነበር። እሷ የሌለ ጉድለት አየች፤ እኔ ያለውን አላየሁም። በጣም ደነገጥኩ።

«አብሽሪ» አሏት ጋሽ እንድሪስ። «ለታመመ ሰው ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ዲናችን ይፈቅዳል።»

«ወላሂ እጾማለሁ!»

«እንግዲያው ሐኪሙ ይወስን።»

ሐኪሙ መረመራት፣ የደም ምርመራም አዘዘላት። የታዘዘላት መጠን ልክ ነው፤ አንዱን ለስሁር፣ አንዱን ለኢፍጣር ትውሰድ፣ አንድ ላይ ግን በፍጹም አለ። የቀረው የባልደረቦቿ ዓይን ነበር። እዚህ ላይ እኔም መላ አመጣሁ፤ ፍሬው የወጣለት ተምር። ክኒኑን ውስጡ ከትታ በሱ ታፈጥራለች፣ ውሃ ትጠጣበታለች፤ ማን ያውቃል?

«ማሻአላህ፣ ሲስተር ለካ ትጠቅማለች!» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ የቀሩትን ታካሚዎች እየዞርኩ መልሼ ጠራሁ። ከቢስቲማ ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት ድድ የሚያሳብጠውን ፊኒቶይን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው፤ ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሊሸፍን ደርሷል። ጠዋት «ደህና» ብዬ የጻፍኩት እሳቸውን ነው።

«አባቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰላምታ ሰጠሽኝ፣ አላህን አመሰገንኩ። በሰላምታ ላይ አላህን ላማርር እንዴ?» አሉኝ ተገርመው። «ስለ ድዴማ መች ጠየቅሽኝ?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዘሃራ ግንቡን ሳትደገፍ መጣች። ሥራዋ ላይ ናት። ደህንነቷን ስጠይቃት «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሦስት ጣት አነሳሁ።

«ሦስት» አለች እየሳቀች። «ዛሬ ብቻቸውን ነው የመጡት።»

ዛሬ ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥተው መዝገቡ በእኔ እጅ ነው። ለአዲስ ነርስ የምለው ይኸው ነው፦ ሰላምታው ሲያልቅ ምርመራው ይጀመራል። ክኒኑ ስንት እንደቀረ ብቻ ሳይሆን መቼ መቼ እንደተዋጠ ጠይቁ። ታካሚውንም እስከ ግቢው በር ድረስ በዓይናችሁ ሸኙት።