የእናቴ እግርና የአጎቴ ቅቤ

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ ሆሳዕና ከተማ፣ እኔ ቤት አመጣኋት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። በምርኩዝ ትራመድ፣ ውሃ ትጠጣ፣ እግሯ ካበጠ ደግሞ ማንም እንዳያሸው፣ ቶሎ አምጪያት አለኝ። በሷ ዕድሜ፣ ያውም ከዳሌ ቀዶ ጥገና በኋላ፣ ዝም ብሎ መተኛት ደሙን እግር ውስጥ ያረጋዋል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ጠያቂውን ረስቼዋለሁ። ከሥራ ስገባ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቤቱ ሞልቶ አገኘዋለሁ፤ የጸሎት ቡድን እህቶች፣ ጎረቤቶች፣ ከአገር ቤት፣ ከፎንቆ የመጣ ዘመድ። እናቴን ላስነሳት ክንዷን ስይዝ ሁሉም ይንጫጫሉ። "ተያት እንጂ! አይዞሽ እማማ፣ ተኚ፣ እንዳትነሺ!" እኛ ጋ የታመመ ሰው ተኝቶ ነው የሚጠየቀው። ቆሞ ከተገኘማ ጠያቂው ለምን መጣ? ይጸለይላታል፣ አጥሚት ይቀርብላታል፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ይሳብላታል። ጨካኟ ልጅ እኔ ነኝ።

እሷም ወዳው ነበር። "ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ ነው የኖርኩት፤ እንሰት ስፍቅ፣ እንጨት ስሸከም፣ እናንተን ሳሳድግ። አሁን ብተኛ ምናለበት?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሽንት ቤት ውሰዱኝ ብላ ሰው ላለማስቸገር ውሃ እንኳ አትጠጣም። ጠዋት ሞልቼላት የሄድኩት ብርጭቆ ማታ እንደሞላ ይጠብቀኛል። ደከመኝ። ከሷ ስከራከር፣ ከጠያቂ ስከራከር፣ ቢሮ ስደርስ ሰላም ለማለት እንኳ አቅም ያጥረኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግራ እግሯ ከባቷ ጀምሮ አብጦ አደረ። ስነካው ይሞቃል፣ ጠንክሯልም። ባጃጅ ለመጥራት ስልኬን ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ዳሌዋን እንዲያሽላት ብለው ከፎንቆ ወጌሻ ይዘው መጥተዋል። በእጃቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አለ፤ ከገዛ ላማቸው፣ ለእህታቸው እግር ብለው ያስቀመጡት።

እብጠቱን ሲያዩ ደነገጡ። "ይኸው! ደሙ አንድ ቦታ ቆሞባታል። ታሽቶ ነው የሚለቀው" አሉ። ወጌሻው እጅጌውን ሰበሰበ። እናቴም እግሯን ራሷ ዘረጋችለት።

መሀላቸው ገብቼ ቆምኩ።

"አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይታሽም። ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።"

"ይህ እኮ የስንቱን ስብራትና ወለምታ የጠገነ እጅ ነው። አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ መንገድ ያመጣሁት እንዲመለስ ነው?"

"ይመለሱ! እግሯን ማንም አይነካትም!"

ለአጎቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እርግጠኛም አልነበርኩም፤ የያዝኩት የሐኪሙን ቃል ብቻ ነው። ፈርቼ ነበር፣ ድምፄ የጮኸውም ለዚያ ነው። አጎቴ ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ አንዲት ጉርሻ ሳይቀምሱ ወጡ። እናቴን ደግፌ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት። ከገባን በኋላ "ወንድሜን አባረርሽው" አለችና ፊቷን አዞረች።

አልትራሳውንዱ እስከ ጭኗ የደረሰ የረጋ ደም አሳየ። ያየቻት ወጣት ሐኪም፣ ታሽቶ ቢሆን ኖሮ ተገንጥሎ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችል እንደነበር፣ ያን ጊዜ ሰው ለመጥራት እንኳ ፋታ ላይገኝ እንደሚችል ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ ሆዷ ላይ የደም ማቅጠኛ መርፌ ተወጋች፣ ከዚያ ክኒኑ ቀጠለ። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ።

አጎቴ ግን አልመጡም። ስደውል ባለቤታቸው ታነሳና "እርሻ ሄዷል" ትለኛለች። ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅኩ። "ኧረ እኔ አልተቀየምኩም" ብለው መለሱ፤ የእኛን ሰው ለሚያውቅ፣ ይህ ክፉኛ የተቀየመ ሰው መልስ ነው።

አሁን እናቴ ትራመዳለች። ማንም ሳይለምናት ጠዋት ምርኩዟን አንስታ፣ ግቢውን አቋርጣ እስከ በሩ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላም ትደግመዋለች። ባለፈው ቀጠሯችን ሐኪሟ እግሯን ዳስሳ በጣም ተደሰተች።

"እማማ፣ ጎበዝ ነዎት! ማን ነው እንዲህ የሚያራምድዎት?"

እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። "እሷ ናት" አለች።

ሐኪሟ አመሰገነችኝ። እኔ ግን እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ትከፍተውና ተደግፋ ቆማ፣ ከፎንቆ በኩል የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታያለች።