ከአያ ታከለ ቤት የጫርኩት እሳት

ባለፈው ሐሙስ የከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ አስጠርቶኝ ሄድኩ። ክረምት ሲገባ ደባርቅ ሁሉ ችግኝ ተካይ ነው። ትዕግሥት የምትባለው የሬዲዮዋ ልጅ ስለ በጎ ፈቃድ ከአሮጊት አፍ መስማት ፈልጋ ኖሯል።

«እማማ ይርጌ፣ በእናንተ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ነበር?»

«ስሙን አናውቀውም እንጂ ነበር» አልኳት። ደቦውን አወራሁ፣ ወንፈሉን አወራሁ። ወሬዬ እንደ እግሬ ነው፤ አንዴ ከተነሣ የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ሄዶ ሄዶ ልጅ ሳለሁ ከሳንቃ በር ወዲህ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ሲቃጠል አገሩ ወጥቶ እንዴት እንዳጠፋው መተረክ ጀመርኩ።

«እርስዎስ ነበሩበት?»

«ውሃ አቀብዬ ነበር።»

«ጎበዝ የኔ እናት» ብላ አጨበጨበችልኝ።

ወዲያው ስልክ ገባ። የምትደውለው ከአዲ አርቃይ ነው። «ሙሉ ታከለ እባላለሁ። ያ እሳት በአባቴ ላይ ተላክኮ ነው ከአገር የወጣነው። እትዬ ይርጌ፣ ማን እንደለቀቀው ካወቁ ይንገሩኝ። እኔም እያረጀሁ ነው።»

«ቆይቷል እኮ፣ ረስቼዋለሁ» አልኳት።

አልረሳሁም።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም፣ ሣሩ ገርጥቶ አስታው ሲነኩት የሚንኮሻኮሽበት ወር ነበር። እኛ ጋ ያን ጊዜ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም። የተዳፈነው ፍም ካደረ በኋላ ጠፍቶ ከተገኘ ጎረቤት ሄዶ እሳት መጫር ነው፤ ፍሙ ከኩበት ጋር በገል ላይ ይደረግና ጭሱን እየጎተተ ቤት ይደርሳል። እናቴ ወደ አያ ታከለ ቤት ላከችኝ። «መንገድ ላይ እንዳትቀሪ» አለችኝ፤ ታውቀኛለች።

አያ ታከለ ንብ አርቢ ነው። ከተሰበረ የማር እንስራ ላይ ሰፋ ያለ ገል መርጦ ፍሙን ሰጠኝ። «እጅሽን ጠብቂ፣ ነፋስ አለ» አለኝ።

ስመለስ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አፋፉ ላይ ሣር ይነጫሉ። አንዷ ግልገሏን አዝላ ነበር፤ ግልገሉ ደግሞ የእናቱን ጠጉር ይዞ ወደ እኔ ያያል። ገሉን አስታው ሥር አስቀምጬ፣ በመቀነቴ የቋጠርኩትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ዞር ስል አስታው ተያይዟል። በእጄ ልመታው ሞከርኩና መዳፌ ተላጠ። ያኔ እየጮኽኩ ሮጥኩ።

ጡሩንባ ተነፋ፤ ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ። ወንዱ ርጥብ ቅጠል እየቀነጠሰ ይመታል፣ ሴቱ በእንስራ ውሃ ያመጣል። ከሁሉ ፊት አያ ታከለ ነበር። ቀፎዎቹ ዓይኑ እያየ ሲነዱ እሱ ጢሙ እስኪለበለብ ወደ እርሻው የሚሄደውን እሳት ይመታል። ሲጠፋ ከቤቱ ማር አምጥቶ መዳፌን ቀባኝ።

«በምን ተቃጠልሽ?»

«ሳጠፋ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። «ይሽርልሻል» አለኝ።

በሳምንቱ ጥፋተኛው እስኪገኝ ሰው የማይበተንበት አውጫጭኝ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ከአመዱ የተገኘውን ገል አነሡ።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ አያ ታከለ።

«እንግዲያ ቀፎህን ስታጥን እሳቱ አመለጠህ።»

«የዚያን ቀን አላጠንኩም።»

«ታዲያ ገሉ በእግሩ ሄደ?»

ሰው ሳቀ። የአያ ታከለ ዓይን ከሴቶቹ መሐል እኔን ፈልጎ አገኘኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እኔም አቀረቀርኩ።

«ገሉ የእኔ ነው፤ እሳቱን ግን እኔ አለቀቅሁም» ብሎ ተቀመጠ።

ሰዉ ጥፋተኛውን አገኘሁ ብሎ ተበተነ፤ ማንም ግን አልቀጣውም። ኅዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ ቤት ለቤት ዞሮ ለደቦ ጠራ፤ ሁሉም እሺ አለው፣ አንድም ሰው አልሄደም። እኛም አልሄድንም። እሱና ሚስቱ ብቻቸውን ሲያጭዱ ከማሳችን ሆኜ አያቸው ነበር። ግማሹን ጭላዳ በላባቸው። ጥር ሳይወጣ ዕቃቸውን ጭነው በዛሪማ መንገድ ወደ ቆላ ወረዱ። ከአህያዋ ጭነት ላይ ትንሿ ልጃቸው ተቀምጣ ነበር። ስታልፍ እጇን አወዛወዘችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስሟን የሰማሁት ሐሙስ ዕለት በስልክ ነው።

እናቴም እስክትሞት ነገሩን አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁባትም። መዳፌ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጆቼ በጠየቁኝ ቁጥር «እሳት ሳጠፋ ነው» ስል ኖሬ እኔው ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር። እንዲያ ሆኜ ነው ሬዲዮ ላይ ወጥቼ የተጨበጨበልኝ።

ሙሉ ስልኩን ሳትዘጋ አንድ ቃል ጨምራ ነበር። «አባቴ ሊሞት ሲል ማን እንደሆነ ጠየቅነው። ‹ልጅ ናት፣ ተዉአት› አለን።»

ነገ ደግሞ ሐሙስ ነው። ለትዕግሥት የቀረኝ ነገር አለ ብዬ ልኬባታለሁ። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ይህን የጻፍኩት፣ ድምፄ እንቢ ካለኝ እሷ እንድታነበው ነው።

ሙሉ፣ ያን ቀን ከአባትሽ እጅ እሳቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ አስታው ሥር ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። አባትሽ ልጅ ናት ብሎ ተወኝ። ልጅነቴ ካለፈ ግን ስንት ዘመኑ።