ፈታኙ እስኪመጣ

ያን በልግ እግሬ አላርፍ አለኝ። እናቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን ግራ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤ ይለቃል፤ እንደገና ይረግጣል። የመኪና ፍሪሲዮን መርገጡ ነው። እናቴ ታየኝና «እግርሽን አሳርፊ፣ ልጄ። ደንበኛው ቶሎ ውጣልኝ ያልሽው ይመስለዋል» ትለኛለች።

የምጠብቀው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነበር። በእንስሳት ጤና ተመርቄ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ፕሮጀክት ቆላው አርቦሬ ውስጥ የከብት ክትባት እንድከታተል ሊቀጥረኝ ተስማማ። መኪና አለ፤ ሾፌር ግን የለም። የሚቀጠረው ሰው ራሱ መንዳት አለበት። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጥሩ ሰው ነው። ዝናቡ አባርቶ ክትባቱ እስኪጀመር ቦታውን እንደሚያቆይልኝ፣ ከዚያ ካለፈ ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ተጠባባቂ እንዳለ በጨዋ ቃል ነገረኝ።

የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ የተግባሩ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ፈታኝ ከሩቅ ከተማ መምጣት አለበት። መጀመሪያ የተፈታኙ ቁጥር አልሞላም ተባለ። ሲሞላ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። መንገዱ ሲከፈት ፈታኙ ስብሰባ ገባ። የመንጃ ፈቃድ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር መልሱ «ይደወላል» ነው። ማን እንደሚደውል፣ መቼ እንደሚደውል አልጠየቅሁም፤ ሰው ማስቸገር አይሆንልኝም። ስልኬን ግን ከእጄ አላወርድም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ ድምፁን አጥፍቼ ነጠላዬ ሥር እይዘዋለሁ። በዚህ መሃል የለማጅ ፈቃዴ ጊዜው አልፎበት እንደገና አሳደስኩት።

አስተማሪዬ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የገዘር ሰው ነው። አፉን የፈታው በአሪ ቋንቋ ነው። አማርኛው ፈጣን ነው፤ ሴትና ወንድ ግን አይለይም። «ፍሪሲዮን ርገጥ። ማርሽ አስገባ። አቁም፣ አንተ» ይለኛል። የሚያለማምደን ከተማው መሃል ባለው አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ነው፤ ሣር የሚግጡትን ላሞች እየዞርን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሴት «አቁሚ» እንደሚባል ልነግረው ፈለግሁና አፈርኩ። ከዚያ ለመድኩት። በኋላማ መኪና ውስጥ ከገባሁ «አቁም» የሚባለው እኔ ነኝ።

አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። «ፈታኙ መጥቷል፤ አሁኑኑ ድረሺ» አሉኝ ከቢሮው። ክትባቱ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። በባጃጅ ስደርስ ጋሼ መኪናውን አጥቦ ቆሟል። ፈታኙ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ወንዶች ከኋላ ገቡ። ጋሼ ሜዳው ዳር ቀረና እኛ ወደ ገበያው መንገድ ወጣን። እግሬ አልተሳሳተም።

ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ሊረዳኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «ሁለተኛ አስገቢ፣ ሁለተኛ» እያለ ያንሾካሹካል። ፈታኙ ዞር ሳይል «አቁም» አለው።

እኔ አቆምኩ። ፍሬቻ አሳየሁ፤ ጥግ ያዝኩ፤ ፍሬን ረገጥኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሁሉም ልክ ነበር፤ ያቆምኩት ግን መታጠፊያው ላይ ነው። ከኋላችን አንድ ባጃጅ ክላክሱን አንባረቀ።

ፈታኙ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «እህት፣ ማን አቁሚ አለሽ?»

ወንዶቹ ሳቁ። ዝም ካልኩ ወደቅሁ፤ አርቦሬም ቀረ። «አስተማሪዬ እንዲህ ነው የሚለኝ» ብል ደግሞ ሜዳው ዳር የሚጠብቀኝ ሰው የምሳ ሰዓት መሳቂያ ይሆናል። እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ ከእነዚህ ፈታኞች ጋር የሚኖረው እሱ ነው።

«እዚህ ለሁሉም አቁም ነው የሚባለው» አልኩ።

«ለሴትም?»

«ለሴትም። እኛ የለመድነው እንደዚያ ነው።»

ፈታኙ እስክሪብቶውን አንሥቶ ምንም ሳይጽፍ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ንዳ» አለኝ።

ነዳሁ። ዳገቱ ላይ «አቁም» ሲለኝ አቆምኩ። «ተነሣ» ሲለኝ መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ተነሣሁ። ከኋላ የሚስቅ አልነበረም። ሜዳው ጋ ስንመለስ ግን አለፍሽም ወደቅሽም አላለኝም። «ውረድ» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ጋሼ ወደ እኔ እየሮጠ መጣና «እንዴት ነው፣ አለፍክ?» አለኝ። «ይደወላል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ እግሬ ባሰበት፤ እናቴም መናገሩን ተወች። በመጨረሻ የተደወለው ሱቁን ስንዘጋ ነው። የደወለው ቢሮው አልነበረም፤ ጋሼ ነበር። ሰላምታም አላስቀደመም። «አለፍክ» ብሎ ሳቀ።

ቦታዬ አልተወሰደም ነበር። ሰኞ ወደ አርቦሬ ቁልቁል ስወርድ ከጎኔ ማንም አልተቀመጠም። ቆላው ሜዳ ላይ አንድ መንጋ መንገዱን ሞልቶ መጣ። «አቁም» አልኩ፣ ለራሴ። ከብቶቹ እስኪያልፉ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅሁ።