ካሶኒው ሥር የተደበቀው ቤንዚን

አባቴ ብልጥ ሰው ነበር። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም።

ናዝሬት ተወልደን ያደግን ብንሆንም፣ በደርግ ጊዜ አባባ የሽንኩርት ንግዱን ተከትሎ ቡልቡላ ቤት ስለተከራየ ሁላችንም እዚያው ከተምን። አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ነበረችው። ከቡልቡላና ከአዳሚ ቱሉ ሽንኩርት ጭኖ ናዝሬት ያራግፋል፤ የምንበላው ከእሷ ነበር። ከዚያ መንግሥት የሰው መኪና መውሰድ ጀመረ። ለሰሜኑ ጦርነት ስንቅ ማመላለሻ ይባላል፣ ሲወሰድ ደግሞ ከነሹፌሩ ነው። የታላቅ እህቴ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከነመኪናው ሄደ፣ ወሬውም ጠፋ። እህቴ እርጉዝ ሆና እኛ ዘንድ ተመለሰች።

አባባ ዘዴውን የዘየደው ያኔ ነው። የዚያን ጊዜ ባለመኪና ሁሉ መኪናውን ያሳምም ነበር፤ አንዱ ጎማ ያወልቃል፣ ሌላው ዕቃ ፈትቶ ይቀብራል። አባባ ግን መች በዚህ ሊበቃው! በኩፖን ያጠራቀመውን ቤንዚን የመኪናዋ ነዳጅ መያዣ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ሞላና፣ እዚያ ላይ የሚገጠሙትን ቱቦዎች በሙሉ ነቅሎ አፋቸውን ደፈነ። ሰልባትዮው ያለው ጭነት ከሚጫንበት ካሶኒ ሥር ነው፤ ካሶኒው ካልተነሳ እጅ አያስገባም። ያነሳውን ካሶኒ መልሶ አጥብቆ አሰረና፣ ከአቢጃታ ሐይቅ በጀሪካን ባስመጣው ጨዋማ ውሃ ብሎኖቹን ጠዋት ማታ ያጠጣቸው ጀመር። በወራት ውስጥ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆኑ። መኪና የሚወስዱት መርማሪዎች መጥተው ቁልፉን ቢያዞሩ አትነሳም፤ በመሙያው በኩል እንጨት ቢሰዱ ደርቆ ይወጣል። "ይቺማ ሬሳ ናት" ብለው ጥለዋት ሄዱ። አባባ ያን ቀን ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ አባታችን ቀረልን ብለን።

እህቴን ምጥ የያዛት ቅዳሜ ማለዳ ነው። እሑድ ረፋዱ ላይ የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ አያትና "ልጁ ተጋድሟል። ሻሸመኔ ካልደረሰች እኔ የማደርግላት ነገር የለም" አለ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች አስፋልት ዳር ወጥታ ቆመች። አውቶቡሱም ለዘማች ተወስዶ መንገዱ ጭር ብሏል። ያለፉት የወታደር መኪኖች ብቻ ናቸው፣ እነሱም አልቆሙላትም። በከተማዋ የቀረችው መኪና የእኛዋ ነበረች። ቤንዚንም ቢሆን የነበረው እሷው ሆድ ውስጥ ነው።

አባባ የብሎን መፍቻ ይዞ ሥሯ ገባ። መፍቻው የዛገውን ብሎን ልጦት ዞረ። ጎረቤታችን ብረት በያጁ መጥቶ "ጋሼ፣ በእሳት ልቁረጥልዎት" አለው።

"ቤንዚን ላይ እሳት? ቤቱንም መኪናዋንም ልታነድልኝ ነው?"

"እንግዲያው ሰልባትዮውን ከሥር እንብሳውና እንቅዳ።"

"ብልጭታ ካገኘው ያው ነው" አለ አባባ።

የቀረው የብረት መጋዝ ነበር። ብረቱ እንዳይግል እኔ ውሃ እያፈሰስኩላቸው እየተቀባበሉ ገዘገዙ። የመጋዙ ጥርስ ያልቃል፣ ሌላ ይቀየራል። ከቤት ውስጥ የእህቴ ጩኸት ይመጣል፤ ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። የአባባ መዳፍ ተልጦ መጋዙ በደም ይንሸራተትበት ነበር። እኔ ግን አላዘንኩለትም። በንዴት "አሁንስ ደስ አለህ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ መጋዙ ተመለሰ። ዛሬም ቢሆን ያልኩትን አልመልሰውም።

ወደ ከሰዓት የእህቴ ድምፅ እየሰለለ ሄደ። ምጡ ያረፈላት መስሎኝ ደስ አለኝ፣ እኔ ጅሏ።

የመጨረሻው ብሎን ሲበጠስ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተጠርቶ ካሶኒውን በአራቱም ማዕዘን ያዘው። ሲያነሱት ዝገቱ እየተቀረፈ ፀጉራቸው ላይ ረገፈ። አባባ ቱቦዎቹን ገጣጠመ፣ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። አንዴ አቃሰተች፣ ሁለተኛ ሲሞክር ተነሳች። ሰዉ "ተመስገን" አለ። እኔም እህቴን ደግፌ ላወጣት ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች።

"ማንን ልትወስጂ ነው?" አለችኝ። "እናትም ልጅም የለም።"

ዋይታው ሲነሳ አባባ ከጋቢናው አልወረደም። ብረት በያጁ ሞተሩን ሊያጠፋለት በመስኮቱ እጁን ቢሰድ ገፍትሮ መለሰው፤ ከዚያ በኋላ የቀረበው የለም። እኛ ውስጥ እያለቀስን እሱ ደጅ መሪውን እንደጨበጠ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ቤንዚን ተቃጥሎ አልቆ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ አልተነሳም።