በከሰል የጠራ ባሕር

ሐጂ ወደ ላቦራቶሪያችን የመጡት ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ጠዋት ነው። ያኔ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ፤ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ለተማሪዎች ሙከራ አዘጋጃለሁ። እሳቸው በሱዳን ንግድ የሸመገሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከጋቢያቸው ሥር ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውሃው ቀጭን ሻይ ይመስላል።

"ልጄ፣ እስቲ ይህን እዪልኝ። ምነው ቢጫ ሆነ?"

"የጉድጓድ ውሃ ነው?"

"የባሕር ነው" አሉ፣ ልክ የምንጭ ነው እንደሚል ሰው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ምንም አይቀመስም። እኔ ግን የጣቴን ጫፍ ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው፤ ምላሴ ላይ ቆየ። ከዚያ በፊት ባሕር አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ሳሎኑ መጋረጃው ተዘግቶ ጨለም ብሏል። በአንደኛው ግድግዳ በኩል የአልጋ ርዝመት ያለው የመስታወት ገንዳ ቆሟል፤ ከውስጡ የሚወጣው ብርሃን ጣሪያው ላይ እየተርገበገበ ይሄዳል። የገባሁት ቤት ውስጥ ሳይሆን እንቅልፍ ውስጥ መሰለኝ። ትንንሽ ዓሦች ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ከሥራቸው ድንጋይ የሚመስሉ፣ ግን እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚከደኑ ፍጥረታት ይወዛወዛሉ፤ ኮራል የሚባሉት ናቸው። ፊት ለፊት፣ ፍራሽ ላይ፣ የሐጂ ባለቤት መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ነገሩን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። በወጣትነታቸው ፖርት ሱዳን ላይ ባሕር አይተው ተመልሰው ሲያገቡ፣ ለሙሽራዪቱ አንድ ቀን አሳይሻለሁ ብለው ቃል ገቡ። ልጆች መጡ፣ ንግዱ በዛ፣ በመጨረሻም የባለቤታቸው ጉልበት አልታዘዝ አለ። ወደ ሱዳን የሚወስደው የመተማ መንገድ አስፋልት ሲሆን ሐጂ ሌላ መላ አመጡ፤ ጨውን በጆንያ፣ ዓሣና ኮራሉን ውሃና አየር በተሞላ ፌስታል አድርገው በመኪና አስመጡ። የመጀመሪያዎቹ ድንበር ሳይደርሱ አለቁ። ሁለተኛዎቹ ተረፉ።

"እኔ እንኳ ባሕር አልጠየቅሁትም" አሉ ባለቤታቸው። "እሱ ነው ቃሌ ቃሌ እያለ ያስቸገረኝ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሲመጣ ሸጋ ነበር። አሁን ጉም ገባበት። የዓሦቹን ጥላ ብቻ ነው የማየው" አሉኝ።

ጥግ ላይ ያልተከፈተ ካርቶን ነበር። ዓሣውን የሸጠላቸው ሰው ለሚቆሽሽ ውሃ ነው ብሎ የላከው ነው። ላዩ ላይ ሪአክተር የሚል ተጽፏል።

"ይህን ቃል ራዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ" አሉ ሐጂ። "የሚፈነዳ ነገር አይደለም አይደል?"

ካርቶኑን ስከፍተው ክንድ የሚያህል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ትንሽ ፓምፕና አንድ ከረጢት ደቃቅ ጥቁር ከሰል ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ስቦ ወደ ቱቦው ሥር ያወርደዋል፤ ውሃው በከሰሉ መሃል ቀስ ብሎ ሲወጣ ከዓሣው ቆሻሻና ከምግቡ ትራፊ የመጣውን ቢጫነት ከሰሉ ያስቀርና ጥሩው ወደ ገንዳው ይመለሳል።

ቀላል ነው ብዬ ቸኮልኩ። ከሰሉን ሳላጥብ ሞላሁት፣ ፓምፑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ወዲያው ጥቁር ደመና ከቱቦው ወጥቶ በገንዳው ውስጥ ተዘረጋ። ዓሦቹ ድንጋይ ሥር ገቡ፣ ኮራሎቹ ተከደኑ። ፓምፑን ነቅዬ አቆምኩት። የሰው ባሕር ገደልኩ አልኩ በሆዴ። ሐጂ መብራቱን አጥፍተው፣ "ነገ ትመጫለሽ" ብቻ አሉኝ።

በማግሥቱ አንድ ባልዲ አስቀርቤ ከሰሉን ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሜ አጠብኩት። ፓምፑንም ቀነስኩ፤ የከሰሉ ፍሬዎች ከቦታቸው ሳይነሱ ውሃው ብቻ በመሃላቸው እንዲያልፍ። ከዚያ መጠበቅ ነበር። አንድም ዓሣ አልሞተም። በሦስተኛው ቀን ስገባ ገንዳው ውስጥ ውሃ ያለ አይመስልም ነበር። ዓሦቹ አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። ብርሃኑ አሁን እስከ ሥር ስለሚደርስ ኮራሉ እንዳይቃጠል መብራቱን አንድ ክንድ ከፍ አደረግነው።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሐጂ፣ እንደ ልጅ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው። "አየሽው? አየሽው ወይ?"

ባለቤታቸው አንገታቸውን ወደ ገንዳው አሰገጉ። መቁጠሪያው ጣታቸው ላይ ቆመ።

"ጠርቷል?" አሉ በመጨረሻ።

"እንዴት ጠርቷል ወይ ትያለሽ!"

"ለእኔ ያው ጉም ነው።"

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው አዞሩ፤ መጋረጃውንም ሄደው ከፈቱና በጠራራው ብርሃን የባለቤታቸውን ዓይን ጎንበስ ብለው አዩት። ሁለቱም ብሌኖች ላይ እንደ አሬራ ያለ ነገር ጋርዷል። በዚያ ጨለማ ሳሎን ውስጥ ስንት ጊዜ ሲሸፈን እንደኖረ ማንም አላየም።

"ምነው ዝም አልሽ?" አሉ ሐጂ።

"ውሃው ነው ብዬ ነዋ። አንተም ቢጫ ሆነ ስትል እፎይ አልኩ።"

በዚያው ወር ሐጂ ባለቤታቸውን ሆስፒታል ወሰዷቸውና የአንዱ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተገፈፈ። ፋሻው ከተነሣ በኋላ አርብ ቀን ሄድኩ። ገንዳው ፊት ተቀምጠው ነበር፤ እንደ ሌላው ጊዜ ፍራሹ ላይ ሳይሆን ወንበር አስጠግተው። አንዷን ዓሣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ "ይቺ ሰማያዊ ናት፤ ስንት ዓመት አረንጓዴ ስላት" አሉ። ቀጥሎ ሌላዋን፣ ቀጥሎ ኮራሎቹን አንድ በአንድ። ሐጂ አጠገባቸው ቆመው የሚሏቸውን ሁሉ አዎ፣ አዎ ይላሉ። እኔ ከሰሉን ለመቀየር መጥቼ ባልዲዬን እንደያዝኩ በሩ ጋ ቆምኩ፤ መግባትም መሄድም አልፈለግሁም።

ወደ ሌላ ከተማ እስክዛወር በየወሩ እየሄድኩ ከሰሉን ቀየርኩላቸው። ባለቤታቸው ግን ሁለተኛውን ዓይናቸውን፣ "ለአንድ ባሕር አንዱ ይበቃኛል" ብለው ሳያስነኩት ቀሩ። ሐጂ ብዙ ለመኗቸው፣ እሳቸው ግን ሳቅ ብለው ወደ ገንዳው ይዞራሉ።