ባሌ በቁሙ የተለቀሰለት ቀን

ይህ የሆነው ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ዛሬ ዓይኔ ስለደከመ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስንቱን ረስቼ ይህችን ቀን ያልረሳኋት ጥፋቱ የኔ፣ ደግነቱ የሰው ስለነበረ ነው።

የምንኖረው ኮልፌ ነበር። የዛሬውን ግርግር አትዩ፣ ያኔ ባህር ዛፍና ጭቃ ነው። ባሌ ተክሌ ከጎረቤታችን ከሙርጋ ጋር በሁለት ሰው መጋዝ ግንድ እየሰነጠቀ ጣውላ ያወጣ ነበር። ሙርጋ ከጉራጌ አገር ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ አማርኛ ገና የሚለማመድ፣ ሰው ወዳድ ጎልማሳ ነው።

አንድ ቀን ግንድ ተንከባልሎ የተክሌን እግር ሰበረው፤ ሥጋውንም ቦጫጨቀው። ሙርጋ አዝሎ ቤት አመጣልኝ። ደህና ወጌሻ ያሉት ፉሪ ነው፤ እሳቸውም አርጅተው ከቤት አይወጡም። ተክሌን ወስዶ ማድረስ ደግሞ የማይሞከር ነው። መንገዱ ላይ የጣሊያን ኬላ አለ። እግሩ የቆሰለ ወንድ ካዩ "አርበኛ ነህ፣ ጥይት ነው የመታህ" ብለው ይወስዱታል፤ የተወሰደ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሙርጋንም "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ እግሩ እያበጠ፣ እየጠቆረ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ሙርጋ ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ ተገናኘን።

"እትዬ፣ እንዴት አደረ?" አለኝ።

"ሲያቃስት አድሮ አሁን ገና አረፈ" አልኩት።

ዓይኑ ፈጠጠ። ዞሮ ሮጠ። እኔ ሥራ ረፍዶበት ነው ብዬ ገባሁ።

ለካስ ጥፋቱ የኔው ኖሯል። ከወር በፊት አንድ የሰፈር አዛውንት ሲሞቱ ሙርጋ "ሞቱ" ቢል፣ እኔ አዋቂዋ "ነውር ነው፣ ለተከበረ ሰው አረፉ ነው የሚባለው" ብዬ አርሜው ነበር። እሱም ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አንዴ የሰማውን አይረሳም።

ጥቂት ቆይቶ ለቅሶ ሰማሁ። ብወጣ ሰፈሩ በሙሉ እኔ ደጅ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ተሸክመው። ያላት ጤፍ በእንቅብ፣ የሌላት ንፍሮ በቁና፣ ሌላው ሊሬውን በጨርቅ ቋጥሮ። ሙርጋ ከፊት ሆኖ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለ ደረቱን ይደቃል።

ተክሌ ከውስጥ ነቅቶ "ማን ሞተ?" አለ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሙርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔማ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቶላ ገብተው እግሩን ገልጠው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "አንቺ ልጅ፣ ይህን ታቅፈሽ ዝም አልሽ? እኛ የምንመጣው ለሬሳ ብቻ ነው?" አሉኝ።

አንዲት ጎረቤት ያመጣችውን ጤፍ ምን ታድርገው ብላ ጠየቀች። ኦቦ ቶላ "ለለቅሶ የወጣ እህል ወደ ቤት አይመለስም፤ እየበላ ይዳንበት። ቃሬዛውም ባዶውን አይመለስ" አሉ። ለካ ነገሩን በልባቸው ጨርሰውታል። ጣሊያን ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲሄድ አይወድም፤ ቀብር ግን አይከለክልም ነበር።

ተክሌን ቃሬዛው ላይ አስተኝተው ጋቢ አለበሱትና "እንዳታቃስት" አሉት። ሴቶቹ ሙሾውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ወደ ፉሪ ተሸከሙት።

ኬላው ጋ ወታደሩ እጁን አንስቶ አስቆመን። ተጠግቶ የጋቢውን ጫፍ ያዘ። እኔ ራሴን ቃሬዛው ላይ ጣልኩና አለቀስኩ፤ የውሸት አልነበረም፣ ሦስት ቀን ያፈንኩት ነው የወጣው። ይኼኔ ሙርጋ ጣውላ ሲሸጥ የለቃቀማትን ጣሊያንኛ አወጣ። "ሞርቶ፣ ቲፎ" አለ። ሞቷል፣ የገደለውም ተስቦ ነው ማለቱ ነው። ወታደሩ ጋቢውን ልቅቅ አድርጎ ወደ ኋላ ሸሸና ቶሎ እለፉ ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ወጌሻው እግሩን አይተው "አንድ ቀን ብትጨምሩ እግሩ ቀርቶ ነፍሱም አትተርፍም ነበር" አሉ። ሁለት ወር እዚያው ተኛ፤ የበላነውም የጎረቤቶቻችንን የለቅሶ እህል ነው። እያነከሰም ቢሆን ድኖ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አብረን ኖርን። ተክሌ በጋቢው ውስጥ ሆኖ የእያንዳንዱን ለቅሶ ሰምቷልና ሰፈሩን አላስቀምጥ አለ። አንዱን "አንተ ከአንገት በላይ ነበር ያለቀስከው" ይለዋል፤ ሌላዋን "እቴ፣ ያቺን ሙሾ እስቲ ድገሚልኝ" ይላታል። የሙርጋ ነገር ሲነሳ ግን አይቀልድም ነበር። "እናቴም እንደሱ አታለቅስልኝም" ይላል።

የእውነቱ ቀን ሲመጣ ኮልፌ ነቅሎ ወጣ። ሙርጋም አርጅቶ፣ በምርኩዝ መጥቶ፣ ደረቱን እየደቃ አለቀሰለት። ደግ ደግ ነገር ተባለለት። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያንን ሁሉ አለመስማቱ ነው።

ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ሰው ታመመ ሲሉኝ አልዘገይም። ያለችኝን ቋጥሬ፣ የልጅ ልጄን ተደግፌ እሄዳለሁ፤ እየሰማኝ እያለ።